ትልቅ ሞተር አትግዛ፣ በር ግጠም

ጥያቄው የመጣው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ አነስተኛ ሱፐርማርኬት ካለው ነጋዴ ነው። ረዘም ስላለ አሳጥሬዋለሁ።

«ሱቄ ውስጥ ፊታቸው ክፍት የሆነ ሁለት ረጃጅም የወተትና የእርጎ ፍሪጆች አሉ። ያገለገሉ ናቸው፤ ከአውሮፓ በጅቡቲ በኩል ነው የገቡት። ሞተራቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ሌላ ስምንት ባለ መስታወት የለስላሳ ፍሪጅና ሦስት ዲፕ ፍሪዝ አለኝ። ጥር ላይ ሁሉም ደህና ነበሩ። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ክፍቶቹ ቀን ቀን ከ10 ዲግሪ በታች አንወርድም አሉ። የመብራት ሒሳቡም ናላዬን አዞረው። ቴክኒሻኑ ሁለት ጊዜ ጋዝ ሞልቶልኛል። አሁን ደግሞ ‹ሞተሩ አንሷል፣ ትልቅ ይገዛ› ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ‹ማታ ማታ አጥፋው› ይለኛል። ሌላው ሶኬት ላይ የሚሰካ መብራት ቆጣቢ አምጥቶልኛል። ሐረር ቅርንጫፍ ልከፍት አስቤያለሁ፤ ስህተቱን እዚያ እንዳልደግመው። ምን ላድርግ?»

ትልቅ ሞተር አትግዛ። ነገሩን ከዚያ እንጀምረው። (በድሬ ወግ «አንተ» ብልህ አትቀየመኝም።) ሞተሩ አንሶ ቢሆን ኖሮ ጥር ላይም ያንስ ነበር። ጥር ላይ ወተት ያቀዘቀዘ ማሽን ሚያዝያ ላይ ካቃተው፣ የተለወጠው የተጫነበት ሸክም ነው።

ፍሪጅ ብርድ የሚሠራ ይመስለናል። ሥራው ግን ሙቀት መሸከም ነው። ከወተቱ ዙሪያ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ውጭ ይደፋል። ከድሬ ወደ ሐረር ደንገጎን የሚወጣ አይሱዙ አስብ። ነዳጁን የሚበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የጭነቱ ብዛትና የዳገቱ ቁመት። ያንተ ጭነት ከሱቁ ወደ ፍሪጁ የሚገባው ሙቀት ነው። ዳገቱ ደግሞ በፍሪጁ ውስጥና ሙቀቱ በሚደፋበት ቦታ መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት ነው። ቴክኒሻንህ «መኪናውን በትልቅ ቀይር» እያለህ ነው። ትልቁ መኪና ዳገቱን ይወጣል፣ አልዋሽህም። ነዳጁን የምትከፍለው ግን አንተ ነህ።

ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ፍሪጆችህ ስንት እንደሚበሉ እወቅ። ዛሬ ማታ ስትዘጋ፣ አምፖሉና ማራገቢያው ከጠፋ በኋላ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ። ጠዋት ስትከፍት ምንም ሳታበራ ደግመህ ጻፍ። ልዩነቱ ፍሪጆቹ ብቻቸውን ሌሊቱን የበሉት ነው። ለሰዓቱ አካፍለውና በደብተር ያዘው። ለአንድ ሳምንት እንዲህ አድርግ። ካርድ ቆጣሪም ቢሆን ቀሪው ስንት እንደቀነሰ ያሳይሃል። ከዚያ በኋላ የምታደርገውን እያንዳንዱን ለውጥ በዚህ ቁጥር ትመዝነዋለህ። ይህ ቁጥር በእጁ የሌለው ሰው ማንም መጥቶ የፈለገውን ሊሸጥለት ይችላል። አንተም እኮ ሊሸጥልህ ደርሷል።

አሁን ወደ ክፍቶቹ እንሂድ። የችግሩ ራስ እነሱ ናቸው።

ክፍት ፍሪጅ በር የለውም። በር ሆኖ የሚያገለግለው ከላይ ወደ ታች የሚነፋ ቀጭን የቀዝቃዛ አየር መጋረጃ ነው። ይህ መጋረጃ ደካማ ነው። ወደ እንዲህ ዓይነት የቆመ ፍሪጅ ከሚገባው ሙቀት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚያ መጋረጃ በኩል ሾልኮ የሚገባ የሱቁ አየር ነው። ግድግዳው፣ አምፖሉ፣ ፋኑ፣ አዲስ የገባው ዕቃ ሁሉ ተደምረው የሚጋሩት የቀረውን ሩብ ነው። ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው፣ ስለሚጮህ።

በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ቡና ሲፈላ የምታጨሰውን ዕጣን ያዝና ማጨሻውን ከፍሪጁ ፊት፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ አስጠጋው። መጋረጃው ደህና ከሆነ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወርድና ታች ባለው ወንፊት ይሳባል። ካልሆነ መሃል ላይ ወገቡ ይሰበራል፤ ወደ ውጭ ይፈስና ወለሉን እየተንከባለለ ደንበኛው እግር ሥር ይደርሳል። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው እዚያ ጋ ቆሞ «እፎይ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ያ እፎይታ የተከፈለው ካንተ ኪስ ነው።

አሁን የጣሪያውን ማራገቢያ አብራና ሙከራውን ድገመው። ድሬ ውስጥ ያለ ማራገቢያ ሱቅ የለም፣ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እንዲህ ዓይነት ፍሪጅ ፋብሪካ ውስጥ የሚፈተነው በሴኮንድ 0.2 ሜትር ብቻ በሚንቀሳቀስ አየር ነው፤ ፊትህ ላይ ቢነፍስ እንኳ የማይሰማህ ነፋስ። ያንተ ማራገቢያ ወረቀት ያበርራል። ከክፍት ፍሪጅ በላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ የአየር መጋረጃውን እንደ ሸረሪት ድር ነው የሚጠርገው። ዛሬውኑ ክፍቶቹ አጠገብ ያሉትን አጥፋ ወይም ወደ ገንዘብ መቀበያው አዙራቸው። ይህ ወጪው ዜሮ ነው። መግቢያ በሩ ፊት ለፊት የቆመ ፍሪጅ ካለህም ያው ነው፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ንፋስና አቧራ ይገባለታል።

ሌላም ጉድ አለ። ከፍሪጁ ጎን ወይም ከውስጥ የላይኛው ጥግ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ሰሌዳ አንብበው። «የአየር ንብረት ምድብ» የሚል ቁጥር ታገኛለህ። ለአውሮፓ ሱቅ የተሠራ አብዛኛውን ጊዜ ምድብ 3 ነው። ምድብ 3 ማለት የሱቁ ሙቀት 25 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ሲሆን ቃሉን ይጠብቃል ማለት ነው። ምድብ 4 ለ30 ዲግሪ፣ ምድብ 5 ለ40 ዲግሪ ነው። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ውጭው 34 እና 35 ይደርሳል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሱቅ ደግሞ ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ ፍሪጅህ አልተበላሸም። ከተፈረመለት ውል 10 ዲግሪ በላይ እየሠራ ነው። ጥር ላይ ደህና የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥር ላይ ድሬ ለአጭር ጊዜም ቢሆን አውሮፓ ትመስላለች።

ስለዚህ ምክሬ፦ ለሁለቱም ክፍቶች የመስታወት በር ግጠምላቸው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው። በር የተገጠመለት ክፍት ፍሪጅ የሚበላው ኃይል ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ደንበኛ በየደቂቃው የሚከፍተው ከሆነ ወደ ሲሶው ይጠጋል፣ ረጋ ያለ ሱቅ ከሆነ ወደ ግማሹ።

«ደንበኛ በር መክፈት ይሰለቻል፣ ሽያጭ ይቀንሳል» የሚሉህ ይኖራሉ። የለስላሳ ፍሪጆችህ ስምንቱም በር አላቸው። ለስላሳ መሸጥ አቁመሃል እንዴ?

በሩን በሁለት መንገድ ታገኘዋለህ። አንደኛው ለዚሁ የተሠራ ድርብ መስታወት ያለው የተዘጋጀ በር ነው፤ ውድ ነው፣ ይመጣል እስኪባልም ትጠብቃለህ። ሁለተኛው አልሙኒየም ቤት ሄዶ ማሠራት ነው። ነጠላ መስታወት ቢሆንም አትናቀው። የምታሸንፈው ጠላት በዋናነት ሾልኮ የሚገባው አየር ስለሆነ ነጠላውም የጥቅሙን አብዛኛውን ክፍል ይሰጥሃል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ መስታወቱ አብዛኛውን ዓመት ላብ አያወጣም፤ ዝናብ በሚጥልባቸው ቀናት ግን ሊያወጣና ደንበኛ ዕቃውን ላያይ ይችላል። ያኔ በጨርቅ ትጠርገዋለህ። ተንሸራታች በር ለጠባብ መተላለፊያ ይመቻል፣ ጠርዙ ግን አየር ያሾልካል። ቦታ ካለህ በማጠፊያ የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ፣ ዙሪያውን ጎማ ያለው ይሁን። ለአልሙኒየም ሠራተኛው አንድ ነገር አስጠንቅቀው፦ ከላይ አየር የሚነፋበት ቀዳዳና ከታች የሚስብበት ወንፊት ሁለቱም ከበሩ በስተውስጥ መቅረት አለባቸው። አንዱ ውጭ ከቀረ በሩ ጌጥ ነው። ገንዘቡ ዛሬ ከሌለህ ደግሞ እስክታገኝ ድረስ ቢያንስ ማታ ስትዘጋ ከላይ ወደ ታች የሚሳብ መጋረጃ አድርግላቸው።

ጥንቃቄ፦ በሩ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በድሮው ልክ መቀጠል የለበትም። ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ይህ ዕድሜውን ይቆርጠዋል። ጥሩ ቴክኒሻን ጠርተህ መቆጣጠሪያውንና የጋዙን መግቢያ ቫልቭ እንደ አዲስ ያስተካክል። ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ እንደ ድሮው በጣም መቀዝቀዝ አያስፈልገውም። እሱ በ1 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ኃይል ትቆጥባለህ። አየህ፣ አንሷል የተባለው ሞተር ያኔ በዝቶ ይገኛል።

ጭነቱን ጨረስን። ዳገቱ ቀረ።

ሞተራቸው ከሱቁ ጀርባ ነው ብለሃል። ጀርባው ምን ይመስላል? ይህን የምጠይቅህ በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ እዚያው ድሬ ያንተን የመሰለ ቅሬታ ያለው ሱቅ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ሞተር ለመቀየር ቀብድ ከፍሏል። ጓሮው ሁለት ክንድ የማይሞላ ኮሪደር ነው፤ ከላይ «ፀሐይ እንዳይመታው» ተብሎ ቆርቆሮ ተመቶበታል። ሁለቱ ማሽኖች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመዋል። አንዱ የሚተፋውን ትኩስ አየር ሌላው ይጠጣል፣ እሱ የተፋውን ደግሞ ያኛው። መንገድ ላይ 34 ዲግሪ ነበር። ቴርሞሜትሬን ማሽኑ አየር በሚስብበት በኩል ሳስጠጋው 46 አለ። አንዱን ማሽን ወደ ክፍት ግቢው አዞርነው፣ ቆርቆሮውንም ከፍ አድርገን ጎኖቹን ከፈትን። 37 ላይ ወረደ። ሞተሩ እስከማውቀው ድረስ ያው ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሙቀቱን የሚደፋው ክፍል፣ ኮንደንሰር የምንለው፣ በ1 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የሞተሩ ፍጆታ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እነዚያ 9 ዲግሪዎች ብቻቸውን የሞተሩን ፍጆታ አንድ አምስተኛ ያህል ያወርዳሉ። ጥላ ጥሩ ነው፤ ግን አየር የማያላውስ ጥላ ከፀሐይ ይብሳል።

አቧራውም አለ። ድሬ ውስጥ በበጋ ኮንደንሰር በወር አንዴ መጽዳት አለበት፤ «በዓመት ሁለቴ» የሚለው መመሪያ የተጻፈው ሌላ አገር ነው። መጀመሪያ መብራቱን ከዋናው አጥፋ። ለስላሳ ብሩሽ ይዘህ በቀጫጭኖቹ የአልሙኒየም ንጣፎች አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ ጥረግ፤ አግድም ከሄድክ ታጣምማቸዋለህ፣ የተጣመመ ንጣፍ ደግሞ አየር አያሳልፍም። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ አታስጠጋ። ባለ መስታወቶቹ የለስላሳ ፍሪጆችም ከሥር ኮንደንሰር አላቸው። የታችኛውን መከለያ ፈትተህ ብታየው ብርድ ልብስ የመሰለ ነገር ሳታገኝ አትቀርም።

ብዙዎች ሙቀቱ ሲብስ ኮንደንሰሩ ላይ በጎማ ውሃ ይረጫሉ። ለጊዜው ተአምር ይመስላል፣ ምክንያቱም አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ተንኖ ያቀዘቅዛል። ግን የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ። የሻይ ማንቆርቆሪያህን ውስጡን እስቲ ተመልከተው። ያ ነጭ ኖራ ንጣፎቹ መካከል ሲጋገር በብሩሽም በምንም አይለቅም። አንድ በጋ ሙሉ ውሃ የተረጨ ኮንደንሰር አይቻለሁ፤ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይመስል ነበር። ውሃ የማይነካው፣ አየሩን ብቻ አስቀድሞ የሚያቀዘቅዝ እርጥብ ንጣፍ ከፊቱ ማቆም ይቻላል። እሱም በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ውሃም ይፈልጋል። ያንተን ለሚያክል ሱቅ አልመክርህም።

ድሬ ከባሕር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ከፍ ያለች ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ10 በመቶ በላይ ስስ ነው። ስለዚህ ካታሎግ ላይ ያለው የኮንደንሰር አቅም እዚህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። አንድ ቀን ኮንደንሰር መቀየር ካስፈለገህ አንድ መጠን ከፍ ያለውን ውሰድ። ልብ በል፣ ትልቅ ይሁን ያልኩህ ኮንደንሰሩን ነው። ትልቅ ኮንደንሰር ዳገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ትልቅ ሞተር አያደርግም።

ስለ ስምንቱ የለስላሳ ፍሪጆችና ስለ ሦስቱ ዲፕ ፍሪዞች ደግሞ። እነሱ የለቀሙትን ሙቀት መልሰው የሚደፉት እዚያው ሱቅህ ውስጥ ነው። አስራ አንዱ በአማካይ እያንዳንዳቸው 300 ዋት ቢስቡ 3,300 ዋት ይሆናል። ይህ ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የማይተናነስ ነው። ሱቅህ መሃል ምጣድ ሌት ተቀን ተጥዷል ማለት ነው፤ ክፍቶቹ ደግሞ ያንን ሙቀት ለቅመው ለማውጣት ይለፋሉ። ሁሉንም በአንድ ግድግዳ አሰልፋቸውና ከበላያቸው ጣሪያው ሥር አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ግድግዳው ላይ አስገጥም። ከጀርባቸው አንድ ስንዝር ተውላቸው። ከላያቸው የደረደርከውን የብስኩትና የፓስታ ካርቶን አውርድ። ደርድረሃል አይደል? ሁሉም ሱቅ ይደረድራል።

የበሮቹን ጎማ ለመፈተን የ10 ብር ኖት በቂ ነው። በሩን ኖቱ ላይ ዝጋውና ሳብ። ያለ ችግር ከወጣልህ ጎማው ሞቷል። በአራቱም ጎን ሞክር።

ወደ ጋዙ ልመለስ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ቱቦው ውስጥ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ እድሜ ልኩን እዚያው ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ሁለቴ ተሞላ ማለት የሚያፈስ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ወይም ደግሞ መጀመሪያውኑ አልጎደለም ነበር፣ ቴክኒሻኑ ግን ፍሪጁ አልቀዘቅዝም ሲለው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ስለሆነ ሞላው። ሁለተኛው ይብሳል፤ ከልክ በላይ የተሞላ ጋዝ የኮንደንሰሩን ግፊት ከፍ አድርጎ ዳገቱን ይጨምራል። ሦስተኛ ጊዜ እንዳታስሞላ። መጀመሪያ በናይትሮጅን ግፊት ተሰጥቶት መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሹ፣ ቀዳዳው ይበየድ፣ አየሩ በፓምፕ ይውጣ፣ ከዚያ በሚዛን ተለክቶ ይሞላ። «በግምት» የሚል ካለ ሸኘው። ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ውጭ ሌላ ዓይነት ጋዝም አይቀላቀል። በተለይ ለፕሮፔን ባልተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ፕሮፔን የሚሞላ ሰው አግኝተህ ከሆነ ቶሎ አስቁመው፤ ፕሮፔን የቡታጋዝ ዘመድ ነው፣ የፍሪጁ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ብልጭታ ይሰጣል።

አሮጌዎቹ ክፍቶችህ አር-404ኤ የሚባለውን ይዘው ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ በዓለም ደረጃ እየተገፋ ነው፤ ከባቢ አየርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 3,900 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የኪጋሊ ማሻሻያ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በዚህ ዓይነት ጋዞች ላይ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሪያ አስቀምጧል፤ በ2029 እ.ኤ.አ. ደግሞ 10 በመቶ ይቀነሳል። ለአንተ ትርጉሙ ቀላል ነው። የሚያፈስ ፍሪጅ ማስታመም ከዓመት ዓመት እየተወደደ ይሄዳል።

«ማታ ማታ አጥፋው» የሚለው ጓደኛህ ግማሽ እውነት አለው። ለስላሳና ውሃ ብቻ የያዘ ፍሪጅ ማታ ቢጠፋና ከመክፈቻው ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት ቢነሳ እውነትም ይቆጥባል፤ በሰዓት መቆጣጠሪያ ልታደርገው ትችላለህ። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ሥጋ የያዘውን ግን በፍጹም። የተበላሸ ወተት ዋጋ ከቆጠብከው መብራት ይበልጣል፤ የሰው ሆድ ደግሞ በብር አይተመንም። ቀን ከ6 እስከ 9 ሰዓት ስትዘጋ ምንም አታጥፋ። ያ ሰዓት ሙቀቱ የሚበረታበት ነው። ይልቅ መጋረጃውን አውርድላቸው፣ አምፖላቸውን አጥፋ።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ቆጣቢ? መልስለት። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ካፓሲተርና የምትበራ አረንጓዴ መብራት ነው። ቆጣሪህ የሚቆጥረውን ኪሎዋት ሰዓት አይነካውም። ካላመንክ ያቺ የሌሊት ቁጥርህ ትፈርድ፤ ሰክተህ አንድ ሌሊት፣ ነቅለህ አንድ ሌሊት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሞተሮች በአንድ ቅጽበት ሲነሱ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባሉ። ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ሞተሩ ይሞቃል። እያንዳንዱን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያፈራረቀ የሚያስነሳ መከላከያ አስገጥምላቸው። ይህ መብራት ባይቆጥብልህም ሞተር ይቆጥብልሃል።

ከዕለት ልማድ አንዷን ብቻ ልንገርህ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ያመጣውን ለስላሳ ቀጥታ ፍሪጅ ውስጥ አትጨምር። አንድ ሳጥን 12 ሊትር ገደማ ነው። 40 ዲግሪ ሆኖ ገብቶ 5 ዲግሪ ለመድረስ ፍሪጁ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያወጣል፣ ጠርሙሱን ሳንቆጥር። ሌሊቱን መጋዘን አድሮ 25 ሲደርስ ብትጨምረው ከሥራው 40 በመቶ ያህሉን የድሬ ሌሊት በነፃ ሠራልህ። ማታ ተቀበል፣ ጠዋት ደርድር። ስትደረድርም የአየር ቀዳዳዎቹን አትድፈን።

ቅዝቃዜውንም ከልክ አታሳልፍ። ወተትና እርጎ 4 ዲግሪ፣ ለስላሳ 6 ወይም 7፣ ዲፕ ፍሪዝ ከዜሮ በታች 18። ከዜሮ በታች 25 ያደረግከው ዶሮ ለደንበኛህ የበለጠ አይጣፍጠውም።

ወደፊት አዲስ ስትገዛ ሱቅህን ለሚያክል ቦታ አር-290፣ ማለትም ከፋብሪካው በፕሮፔን እንዲሠራ የተዘጋጀ፣ ባለ በር፣ ምድብ 5 ወይም ቢያንስ 4 የሆነ ፍሪጅ ፈልግ። «አውሮፓ ሁሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሄዷል» ብሎ ትልቅ ሲስተም ሊሸጥልህ የሚመጣም አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ አውሮፓ ሄዷል። ነገር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ በላይ ወደ ፈሳሽ አይመለስም። ድሬ በሞቃት ወራት ከሰዓት ሁሉ ከዚያ በላይ ናት። ያንን የሚያካክስ ዘዴ አለ፤ ዋጋውና ውስብስብነቱ ግን ለትልልቅ መደብር ነው፣ ሲበላሽም የሚጠግንልህ ሰው አጠገብህ መኖር አለበት።

ሐረርን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ከድሬ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ይህ ብቻውን 4 እና 5 ዲግሪ ይቀንስልሃል። እነዚያ ለ25 ዲግሪ የተሠሩት ሁለት ፍሪጆች የሚስማማቸው አየር ያለው እዚያ ነው። ቅርንጫፉ የሚከፈት ከሆነ በራቸውን እዚሁ ድሬ አስገጥመህ፣ ቀዳዳቸውን አስደፍነህ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሐረር ውሰዳቸው። ለሞተር ልታወጣው የነበረውን ገንዘብ ደግሞ ለድሬው ምድብ 5 ፍሪጅ መግዣ አስቀምጠው። ደንገጎን ሲወጡ በሩን በገመድ እሰሩት። መስታወቱ መንገድ ላይ እንዳይከፈት።